ስለ አንዲት ቀጭን ሽቦ

ከሰው ጋር ተጣልተው በኋላ ጥፋቱ የራሳቸው ሆኖ ያገኙት ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ ይህንኑ በአደባባይ የሚናገሩት ግን ጥቂቶች ናቸው። እኔም ከብዙዎቹ ወገን ሆኜ ነገሩን በልቤ ሸሽጌ ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ። አሁን ግን ይህን መጽሐፍ የሚያነቡት ይበልጡን ወጣቶች መሆናቸውን ስለ ሰማሁ፥ ሽበት ያለው ሰውም እንደሚሳሳት፥ ስሕተቱም ከየት እንደሚጀምር ቢያውቁ አይጎዳቸውም ብዬ ልጽፈው ተነሣሁ። ነገሩ የአንዲት አሮጌ መኪና ነገር ስለ ሆነ፥ ስለ መኪና የማያውቅ አንባቢ እንዳይሰለቸኝ እፈራለሁ። ነገር ግን ትንሽ ቢታገሠኝ፥ ታሪኩ ያለ መኪናዋ ሊነገር የማይችል መሆኑን ያየዋል።

መኪናዋ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 የተሠራች ባለ አራት በር ሸቭሮሌት ቤል ኤር ናት። ከኋላዋ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ የተነሡ ሹል ጠርዞች አሏት። ሞተርዋ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሆኖ አራቱ በግራ፥ አራቱ በቀኝ ተጋድመው የተቀመጡ ናቸው፤ መጠኑም 283 ኩቢክ ኢንች፥ ማለት ከአራት ሊትር ተኩል በጥቂት የሚበልጥ ነው። ልጅ ሳለሁ በአዲስ አበባ እንዲህ ያሉትን ሰፋፊ የአሜሪካ መኪኖች በሩቁ እያየሁ እደነቅ ነበር። የሚያስደንቀኝም ፍጥነታቸው ሳይሆን የሚያብረቀርቀው ብረታቸው ነበር። ከስንት ዓመት በኋላ እዚሁ አሜሪካ ስኖር፥ በ2007 ዓ.ም. በሜሪላንድ ግዛት ባሏ የሞተባት አንዲት አሮጊት የባሏን መኪና ልትሸጥ መሆኗን ሰምቼ ሄድሁና ገዛኋት። የቤንዚን መሙያዋ ቀዳዳ እንኳ በግራው ክንፍ ጫፍ ላይ ካለው የሚያብረቀርቅ ብረት ጀርባ ተሸሽጎ ይገኛል፤ የማያውቅ ሰው መኪናዋን ሦስት ጊዜ ቢዞራት አያገኘውም። ይህ ቀዳዳ ኋላ በታሪኩ ውስጥ ይመጣል።

የዛሬ መኪና ሲታመም መብራት አብርቶ፥ በኮምፒውተርም ተጠይቆ ሕመሙን ይናገራል። የዚያ ዘመን መኪና ግን እንደ ከብት ነው፤ የሚያውቀው ጠባቂው ብቻ ነው። ከፊት ጎማዎቿ አጠገብ ያሉት መገጣጠሚያዎች በየ1,000 ማይሉ ግራሶ ይፈልጋሉ። የፍሬን ሸራዋ ሲያልቅ ራሱን አያስተካክልም፤ ከጎማው በስተ ጀርባ ባለችው ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብቶ ጥርስ ያላትን ትንሽ ጎማ እየቆጠሩ ማዞር ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ የፍሬን ዘይቷ ማጠራቀሚያ አንድ ብቻ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በዚህ አገር ሕግ ፍሬኑ ለሁለት የተከፈለ እንዲሆን እስኪያዝ ድረስ፥ አብዛኞቹ መኪኖች እንዲሁ ነበሩ። እንግዲህ ከአራቱ ጎማ በአንዱ ዘይቱ ቢፈስስ የቀሩት ሦስቱም ፍሬን ያጣሉ ማለት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለችውን መኪና የያዘ ሰው ጎማዎቿን እየፈታ ውስጣቸው እርጥበት እንዳለበት በየጊዜው ማየት ይገባዋል። ይህን የማውቀው ዛሬ አይደለም፤ ያን ጊዜም አውቀው ነበር።

ቤንዚኑም ተለውጧል። በእሷ ዘመን ቤንዚን እርሳስ ነበረበት፤ እርሳሱም የሞተሩን ቫልቭ ማረፊያ ከመበላት ይጠብቀው ነበር። ነገር ግን መርዝ ስለ ሆነ በአሜሪካ ከ1996 ወዲህ ለመንገድ መኪና እንዳይሸጥ ተከለከለ፤ መከልከሉም ደግ አደረጉ። ስለዚህ የእነዚህ መኪኖች ሞተር ሲፈታ ጠንካራ ብረት የቫልቭ ማረፊያው ላይ ይገባለታል። ዛሬ በየማደያው የሚሸጠው ቤንዚን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ዐሥር እጅ አልኮል ያለበት ሲሆን፥ አልኮሉ የጥንቱን የጎማ ቱቦና የቤንዚን ፓምፑን ስስ ጎማ ይበላል። ዘይቱም ዚንክ የበዛበት ካልሆነ የካምሻፍቱ ጉብታዎች ቶሎ ያልቃሉ። ይህን ሁሉ ከመጻሕፍት አንብቤ፥ ከአዋቂዎችም ጠይቄ፥ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዤ ውስጥ እሠራው ነበር። እውነቱን ለመናገር፥ ከመሥራቴ ይልቅ ማወቄ ያስደስተኝ ነበር። ትምክሕት የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

በ2008 ዓ.ም. የታናሽ እህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ እኔ ዘንድ ተቀመጠ። ዕድሜው ሃያ ሁለት ዓመት ነበር። ቀን ኮሌጅ ይማራል፥ ሌሊት ዋሺንግተን ከተማ ውስጥ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ይሠራል። ዝምተኛ ነው፤ ሲጠይቁት ካልሆነ አይናገርም፥ ሲናገርም ዓይኑን ወደ መሬት ያደርጋል። ቅዳሜ ጠዋት ግን እንቅልፉን ትቶ ጋራዥ እየገባ ፋኖሱን ይይዝልኛል። የማስተምረውንም በትዕግሥት ይሰማ ነበር። አንድ ሞተር እንዲሠራ ሦስት ነገር ብቻ ይበቃዋል፤ ይኸውም ቤንዚንና አየር በልክ ሊገባለት፥ የገባውም በፒስተን ሊታመቅ፥ የታመቀውም በጊዜው እሳት ሊያገኝ ነው። ከሦስቱ አንዱን ሳይመረምሩ ወደ ሌላው መዝለል አይገባም እያልሁ እነግረው ነበር። ይህን ቃል በገዛ አፌ ያስተማርሁት ሰው እኔ ነኝ፤ አንባቢ ይህን ልብ ይበልልኝ።

እሳቱ እንዴት እንደሚመጣ ጥቂት ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። ከባትሪው የሚመጣው 12 ቮልት ኮረንቲ ቦቢና በሚባለው ጥቅል ሽቦ ውስጥ ያልፋል። ኮረንቲው ድንገት ሲቋረጥ ቦቢናው ብዙ ሺህ ቮልት ያፈልቃል፤ ያም በካንዴላው ጫፍ ላይ እሳት ሆኖ ይዘላል። ኮረንቲውን በየጊዜው እየዘጋችና እየከፈተች የምታቋርጠው ፑንቲና የምትባለው ትንሽ መዶሻ የምትመስል ነገር ናት፤ የምትኖረውም ዲስትሪቢውተር በሚባለው ክብ ቤት ውስጥ ነው። ከቦቢናው ወደ እሷ የሚመጣው ሽቦ ከስንደዶ አይወፍርም። ፑንቲናዋ የተቀመጠችበት ሳሕን ደግሞ በቦታው የጸና አይደለም። መኪናዋ ሜዳ ላይ ቀለል ብላ ስትሄድ፥ ሞተሩ በቀጭን ቱቦ አየር እየሳበ ሳሕኑን በጥቂቱ ያዞረዋል፤ ይህም እሳቱ ቀደም ብሎ እንዲመጣና ቤንዚን እንዳይባክን ነው። ሰውየው አጥብቆ ሲረግጣት ግን መሳቡ ይቀራል፥ ሳሕኑም ወደ ቦታው ይመለሳል። መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት፥ ቆማ በዝግታ ስትዞርም፥ የእኔዋ ቱቦ ከካርቡሬተሩ መዝጊያ በላይ ስለ ተገጠመ መሳብ የለም።

በሰኔ ወር 2009 ዓ.ም. ፑንቲናዋ ተበልታ ስላገኘኋት በአዲስ ለወጥኋት። ልጁ ያን ቀን ሥራ ነበረው፤ ብቻዬን ነበርሁ። ይህ ሥራ በዚህች መኪና ላይ የሚያስደስት ነው። የዲስትሪቢውተሩ ክዳን ትንሽ መስኮት አለችው፤ ሞተሩ እየዞረ ሳለ በዚያች መስኮት ቀጭን ቁልፍ አስገብቶ እስኪያስል ድረስ ማዞር፥ ከዚያ ግማሽ ዙር መመለስ ነው። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ሞተሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ያለ ማወላወል ዞረ። እጄን ታጥቤ ቡናዬን ጠጣሁ፤ በራሴም ረካሁ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፥ በሐምሌ ወር በአንድ ቅዳሜ፥ ልጁ ከሰው አገር የመጡ የእናቱን ወዳጅ ከአውሮፕላን ማረፊያ እንዲያመጣ መኪናዋን ፈቀድሁለት። ማታ ከማደያ ስልክ ደውሎ «ጋሼ፥ የቤንዚን መሙያው የት ነው?» አለኝ፤ ስቄ ነገርሁት። ሲመለስ እኔ ተኝቼ ነበር። እሑድ ጠዋት ለቅዳሴ ስሄድ መኪናዋ ሜዳው ላይ እያሳለች ትንገጫገጭ ጀመር። ቤቴ ተመልሼ ልጁን ከእንቅልፉ አስነሣሁት።

«መኪናዋን ምን አደረግሃት?» አልሁት።

«ጋሼ፥ እኔም ትናንት መንገድ ላይ...» ብሎ ጀመረ።

«እንግዲያውስ አውቀህ ነው ዝም ያልኸኝ!» አልሁና አቋረጥሁት። ከዚያም መጥፎ ቤንዚን መሙላቱን፥ ወይም እንደ ጎረምሳ ማስጋለቡን፥ ይህንንም መደበቁን እየደረደርሁ ተናገርሁት። እሱም ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ «ምንም አላደረግሁም» አለ። በእኔ ዓይን ያ ወደ መሬት ማየቱ ራሱ የጥፋቱ ምስክር ሆነበት፤ ያደገበት ጨዋነት እንደ ሆነ ግን አውቅ ነበር። ቁልፉን ከሚሰቀልበት ምስማር ላይ አንሥቼ ኪሴ ከተትሁት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፋኖሱን ሊይዝልኝ አልመጣም። ወር ሳይሞላ ከጓደኞቹ ጋር ቤት መከራየቱን ነግሮኝ፥ እጅ ነሥቶ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። እህቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ወንድሜ፥ ልጄ ምን አጠፋ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ምንም» አልኋት። ይሁን እንጂ «ምንም» የሚለውን ቃል ብዙ ነገር እንዳለ አድርጎ መናገር ይቻላል፤ እኔም እንዲያ አድርጌ ተናገርሁት።

እኔ ግን በዚህ ጊዜ ውስጥ ሥራ አልፈታሁም። ጥፋቱ ቤንዚን መሆኑን አንድ ጊዜ ስለ ቈረጥሁ፥ ቤንዚን በሚያልፍበት መንገድ ሁሉ ዘመትሁ። ታንኳን አራግፌ በአዲስ ቤንዚን ሞላሁ፤ አልተሻላትም። ማጣሪያውን ለወጥሁ። ፓምፑን ለወጥሁ። ካርቡሬተሩን ፈትቼ አጥቤ በአዲስ ጋኬት ገጠምሁ፤ ስገጥመውም አንዲት ትንሽ የብረት ኳስ ተርፋኝ ደግሜ ፈታሁት። ሙቀት ነው፥ ቤንዚኑ በቧንቧው ውስጥ ተኖ እንፋሎት እየሆነ ነው ያሉኝም ነበሩ። በዚህ አገር ለዚህ ሕመም የሚደረግ አንድ አስቂኝ መድኃኒት አለ፤ ይኸውም ልብስ ማስጫ የእንጨት መቆንጠጫ በቤንዚኑ ቧንቧ ላይ በተርታ መሰካት ነው። ይህንንም አደረግሁ። ከሰካሁ በኋላም ለጥቂት ደቂቃ የተሻላት መሰለኝ። ኋላ ሳስበው፥ መቆንጠጫውን ስሰካ የቆየሁበት ጊዜ ሞተሩን አቀዘቀዘው እንጂ እንጨቱ ያደረገው ነገር አልነበረም። ስንት መድኃኒት እንዲህ ባለ ጊዜ ስም አውጥቶ ይሆን?

አራት መቶ ዶላር የሚያህል ገንዘብና ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ አለቀ። እያንዳንዱም ነገር ሳይጠቅም ሲቀር በልጁ ላይ ያለኝ ቂም ይበልጥ ይጸና ነበር እንጂ አይላላም ነበር፤ ገንዘቡን ያወጣሁት በእሱ ጥፋት ነው እያልሁ እቈጥር ነበርና።

ከእኔ ቤት ሦስተኛው ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን ሁሉ በመካኒክነት የኖሩ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። በመስከረም ወር አንድ ቀን በከዘራቸው እየተመረኮዙ ሲያልፉ ቆመው ያዩኝ ጀመር። ነገሩን ነገርኋቸው። እሳቸውም ወደ ሞተሩ ሳይጠጉ፥ እንደ ሐኪም ይጠይቁኝ ጀመር።

«መቼ ነው የሚያማት?» አሉኝ።

«ሜዳ ላይ ቀለል ብላ ስትሄድ።»

«ዳገት ላይስ?»

«አጥብቄ ስረግጣት ደኅና ናት።»

«ቆማ ስትዞርስ?»

«ደኅና ናት።»

ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያስ ቤንዚን አይደለም። ቤንዚን ያነሳት መኪና አስቀድማ የምትደክመው ብዙ ቤንዚን በምትፈልግበት ቦታ፥ በዳገት ነው» አሉ። ይህን ሲናገሩ ፊቴ ጋለ። ዳገትና ሜዳው ሁለት ወር ሙሉ በፊቴ ነበሩ፤ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ አነጻጽሬ አላየኋቸውም።

«ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት መጨረሻ የነካት እጅ የማን ነው?» አሉኝ ደግሞ።

«የእህቴ ልጅ ነው» አልኋቸው ፈጥኜ።

«ምኗን ነካ?»

«ነዳት፤ ቤንዚንም ሞላ።»

«ኮፈኗን ከፈተ?»

«አልከፈተም።»

«ኮፈኗን መጨረሻ የከፈተው ማነው?»

መልስ አልሰጠኋቸውም። እሳቸውም መልሱን አልጠበቁም፤ ሞተሩን እንዳስነሣ ብቻ አዘዙኝ። ሞተሩ በሚኒሞ ደኅና አድርጎ ሲዞር ያን ቀጭን ቱቦ ከካርቡሬተሩ ላይ ነቀሉና ጫፉን ወደ አፋቸው አድርገው በትንፋሻቸው ሳቡት። ወዲያው ሞተሩ አሳለ፥ ተንገጫገጨ፥ ሊጠፋም ደረሰ። ቱቦውን ሲለቁት ተመልሶ ደኅና ሆነ። ደግመው ሳቡት፤ ደግሞ አሳለ። ሁለት ወር መንገድ ላይ ስፈልገው የነበረውን ሕመም እኒህ ሰው በቆመች መኪና ላይ በአንድ ትንፋሽ አሳዩኝ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው ፋኖሱን ለእኔ ሰጡኝና «አንተው ፈልገው» አሉኝ።

ክዳኑን አነሣሁ። ወደ ፑንቲናዋ የሚሄደውን ሽቦ እኔ በሰኔ ስገጥመው ከልክ በላይ አጥፌ፥ ከዲስትሪቢውተሩ ቤት ጠርዝ ጋር አስጠግቼ ትቼው ኖሯል። ሳሕኑ በዞረ ቁጥር ሽቦው ጠርዙ ላይ ሲታሽ ሲታሽ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ልብሱ ተበላ፤ ከውስጡም እንደ ፀጉር የቀጠነ መዳብ ብቅ ብሎ ያበራ ነበር። ሳሕኑ ሲዞር መዳቡ ብረቱን ይነካል፤ ኮረንቲው ሳይቋረጥ በዚያ በኩል ያልፋል፤ ያልተቋረጠ ኮረንቲ ደግሞ እሳት አያወጣም። ሳሕኑ ሲመለስ መዳቡ ከብረቱ ይላቀቃል፥ መኪናዋም ደኅና ትሆናለች። ልጁ በረጅሙ የሜዳ መንገድ የነዳት ያን ቀን ስለ ሆነ፥ ልብሱ ተበልቶ ያለቀው በእሱ እጅ ሳለች ነበር። ሌላ ጥፋት አልነበረበትም።

አዲስ ሽቦ ለመግጠም ዐሥራ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሽማግሌው ምንም ሳይሉኝ ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ። እኔ ግን ጋራዡ ውስጥ ባልዲ ገልብጬ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። የራስዋ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ስለ እኔ የተነገረ መስሎኝ ግን አያውቅም ነበር። ነገሩን መላልሼ ስመረምረው ያገኘሁት ይህ ነው፤ ያን እሑድ ጠዋት ጥፋተኛ ያገኘሁ ስለ መሰለኝ፥ ጥፋቱን መፈለግ ትቼ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ያደረግሁት ሁሉ፥ ታንክ ማራገፉም፥ ፓምፕ መለወጡም፥ ፍለጋ አልነበረም፤ ለፈረድሁት ፍርድ ማስረጃ መሰብሰብ ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው የራሴ እጅ ደግሞ ከተጠርጣሪዎቹ መካከል አንድ ቀን አልተጻፈም። ወጣቶች ሆይ፥ ሰው ራሱን የሚያድነው እየዋሸ ብቻ አይደለም፤ ራሱን ሳይጠይቅ በማለፍም ያድናል። ይህኛው ከውሸት ይልቅ ይቀላል፥ ኅሊናንም አይቈጠቍጥም።

እንግዲህ ልጁን ማግኘት ቀረ። መጀመሪያ ያሰብሁት ስልክ ደውዬ «መኪናዋ ድናለች፥ ቅዳሜ ና» ልለው ነበር፤ እሱም ይመጣል፥ ነገሩም ሳይነሣ ይረሳል። በእኛ ዘንድ ታላቅ ለታናሽ ይቅርታ ሲጠይቅ ብዙ አላየሁም፤ አባቴ ሲጠይቅ አላየሁም። ሁለት ቀን በዚህ ሐሳብ ስመላለስ ሰነበትሁ። በሦስተኛው ሌሊት ግን ልብሴን ለብሼ ወደሚሠራበት መኪና ማቆሚያ ሄድሁ።

ከሩቅ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣና ፊቱ ተለዋወጠ። «ጋሼ፥ ምን ሆኑ? እናቴ ደኅና ናት?» አለኝ። በዚያ ሰዓት የመጣሁት መርዶ ይዤ መስሎት ነው።

«እናትህ ደኅና ናት። የመጣሁት ስለ መኪናዋ ነው» አልሁት። «ያበላሸኋት እኔ ነኝ። ፑንቲናዋን ስለውጥ ሽቦውን አበላሽቼ ገጥሜው ኖሮ ነው። አንተ ምንም አላደረግህም። ሳልጠይቅህ ፈረድሁብህ፤ ይቅር በለኝ።»

ወዲያው አልመለሰልኝም። መኪና መጣና ሄዶ ወረቀቱን ተቀበለ፥ ገንዘቡን ቈጠረ፥ መልስ ሰጠ። ሲመለስ ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ እንዲህ አለኝ፤

«ያን ዕለት ልነግርዎ ነበር። ሜዳው ላይ ስትንገጫገጭብኝ ፈርቼ ዳር ልይዝ ነበር። ፊት ለፊቴ ያለውን ከባድ መኪና ልለፍ ብዬ አጥብቄ ስረግጣት ግን ዝም አለች። ስለቃት ደግሞ ጀመረች። ሦስት ጊዜ ሞክሬ አየሁት። ጠዋት ልነግርዎ ስጀምር ተቈጡ።»

አንባቢ ሆይ፥ ሽማግሌው በሦስት ጥያቄ ያወጡትን ነገር ይህ ልጅ በመጀመሪያው ማታ፥ ማንም ሳይነግረው፥ ሦስት ጊዜ ሞክሮ አረጋግጦ ይዞት ነበር። ያቋረጥሁት «መንገድ ላይ» ብሎ ሲጀምር ነው። ምስክሬን ከሳሽ ሆኜ ከቤቴ አስወጣሁት።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ልጁ ወደ ቤቴ ተመልሶ አልተቀመጠም፤ ቤት ተከራይቷልና። እኔም አላስጨነቅሁትም። ለእህቴ ግን ደወልሁላትና «ምንም» ያልሁበትን ነገር እንደ ነበረ ነገርኋት፤ ብዙ ዝም ካለች በኋላ «ለእሱ ነግረኸዋል?» ብላ ጠየቀችኝ፥ አዎን ስላት ወሬውን ወደ ሌላ አዞረችው። ሁለት ቅዳሜ ልጁ ሳይመጣ አለፈ። በሦስተኛው ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡን ስከፍት በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

ገባና ኮፈኑን ከፍቶ የዲስትሪቢውተሩን ክዳን በራሱ እጅ አነሣ። አዲሱን ሽቦ በፋኖሱ እያበራ አየው፤ ሳሕኑን በጣቱ ገፋ አድርጎ ሽቦው ጠርዙን እንዳይነካ መረመረ፤ ደግሞም ገፋው። ከዚያ ክዳኑን መለሰ። እኔም ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁለት።

አልተቀበለኝም። «ጋሼ፥ ፍሬኑን ከታየ ስንት ጊዜው ነው?» አለኝ።

አሰብሁ። በቤንዚኑ ስዋጋ የከረምሁበት ጊዜ ሁሉ አንድም ጎማ አልፈታሁም ነበር። «ከፋሲካ ወዲህ አላየሁትም» አልሁት።

ክሪኩን አመጣ። ከፊት ጀመርን፤ ሁለቱም ደረቅ ነበሩ። የኋላውን የግራ ጎማ ፈትቶ ከበሮውን ካወጣ በኋላ የትንሿን ሲሊንደር ጎማ በካቻቢቴው ጫፍ ገለጥ አደረጋትና ፋኖሱን እንዳቀርብ ጠቀሰኝ። ከጎማዋ በታች የፍሬን ዘይት ጠብ ጠብ ይል ነበር። ፋኖሱን ይዤለት ጎንበስ አልሁ፤ እሱም መፍታት ጀመረ።